ልጆችን ትሕትና እንዴት እናስተምር? ለክርስቲያን ወላጆች በቤት ውስጥ የሚሠራ መመሪያ

ሰንበት ትምህርት ቤት የሕፃናት ክፍል ስለማስተምር፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወላጆች በር ላይ ይይዙኛል። ጥያቄው ብዙ አይለያይም። «ልጄ በትምህርቱ ጎበዝ ነው፤ ግን ትዕቢት ቢጤ ጀማምሮታል። ምን ላድርገው?» ትንሽ ካወራን በኋላ ደግሞ ያው ወላጅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሌላውን ያመጣል፦ «ትሕትና ትሕትና ስል ደግሞ ፈሪ ሆኖ የማንም መጫወቻ እንዳይሆንብኝ።»

ለእያንዳንዱ ቆሞ ከማስረዳት አንድ ቦታ ልጻፈው ብዬ ነው። መመሪያው ከ4 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ይሆናል። ምሳሌዎቼ ከኦርቶዶክስ ቤት ቢሆኑም፣ ፕሮቴስታንትም ካቶሊክም ብትሆኑ ከጥቂት ነገር በቀር እንዳለ ትጠቀሙበታላችሁ።

መጀመሪያ፦ ምን ዓይነት ልጅ ነው የምንፈልገው?

ይህን ሳትለዩ አትጀምሩ። ብዙ ቤት ውስጥ «ትሑት» የሚባለው ዝም የሚል ልጅ ነው። ግን አንገቱን የደፋ ልጅ አኩርፎ ሊሆን ይችላል። ፈርቶም ሊሆን ይችላል። በልቡ እየናቃችሁም ሊሆን ይችላል። ዝምታውን አይታችሁ «ተሳክቶልኛል» ካላችሁ የሚቀጥሉት እርምጃዎች ሁሉ ወደ ተሳሳተ ቦታ ይወስዷችኋል።

ጌታችን ራሱ «እኔ የዋህ በልቤም ትሑት ነኝ» ያለ ነው (ማቴ. 11፥29)። እሱው ግን በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ ሲመታ፣ ክፉ ተናግሬ ከሆነ መስክር፤ ካልሆነ ስለ ምን ትመታኛለህ ብሎ ጠይቋል (ዮሐ. 18፥23)። ስለዚህ ትሑት ልጅ ይናገራል፤ ይጠይቃልም። የምንፈልገው ይህን የሚያደርግ ልጅ ነው፦

- ሲያጠፋ ሳይጎተት «ይቅርታ» ይላል።
- ሲያሸንፍ ተሸናፊውን አያበሽቅም፤ ሲሸነፍ ጨዋታውን አይበትንም።
- ለዘበኛውም ለርእሰ መምህሩም በአንድ ዓይነት አክብሮት ሰላምታ ይሰጣል።
- ሲታረም ይሰማል። ካልገባው ደግሞ «ለምን?» ይላል።
- ማንም ሳያዝዘው ሰው ያግዛል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- መጽሐፍ ቅዱስ። ለትንንሾቹ በሥዕል የተዘጋጀ ካለ ጥሩ ነው፤ ከሌለ እናንተው በቃል ተርኩት።
- ማስታጠቢያ፦ አንድ ማንቆርቆሪያ ወይም ጆግ፣ አንድ ሳፋ፣ ሳሙና፣ ንጹሕ ፎጣ።
- ለእናንተ አንድ ትንሽ ደብተር። ልጁ እንዳያየው።
- ክዳን ያለው ቆርቆሮ ወይም ካርቶን፤ ለምጽዋት ማጠራቀሚያ።
- አራት አምስት በርጩማ ወይም ወንበር።
- በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ 15 ደቂቃ ያህል። ስልካችሁ ሌላ ክፍል ይቀመጥ።

ሁሉንም እርምጃ በአንድ ሳምንት አትጀምሩ። አንዱን ለሁለት ሳምንት ያህል ያዙት፤ ቤቱ ሲለምደው ወደሚቀጥለው ሂዱ።

እርምጃ 1፦ አንድ ሳምንት ራሳችሁን ታዘቡ

ልጁን ገና አትንኩት። ደብተሩን ያዙና የራሳችሁን አፍ ተከታተሉ። የታክሲ ረዳቱ መልስ ሲያዘገይ ምን አላችሁ? ጎረቤት መኪና ስትቀይር ቤት ገብታችሁ ምን አወራችሁ? ቢሮ ስለምታሠሩት ሰው በስልክ ስታወሩ ልጁ የት ነበር? መኪና ውስጥ ከሆነ ሁሉንም ሰምቷል።

ለምን ያስፈልጋል? ልጅ የሚቀዳው ያዘዛችሁትን ሳይሆን የሰማውን ድምፅ ነው። «አንተ ማነህና ነው!» የሚለውን ከየት አመጣው ብላችሁ ከመገረማችሁ በፊት ደብተሩን ግለጡት። ብዙ ጊዜ እዚያው ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

እርምጃ 2፦ የተወደደ መሆኑን በደንብ ይወቅ

ይህ እርምጃ የተዘለለበት ቤት ሌላው ሁሉ ይበላሻል። የሚኩራራ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ቦታውን እርግጠኛ ያልሆነ ልጅ ነው። አንደኛ ካልወጣሁ አይወዱኝም ብሎ የሚያስብ ልጅ ከሌላው በላይ ለመታየት ይታገላል። ይህን ልጅ «ዝቅ በል» ብትሉት የበለጠ ይፍጨረጨራል።

ዮሐንስ 13ን ስታነቡ ቁጥር 3 ላይ ቆም በሉ። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ለማጠብ የተነሣው አብ ሁሉን በእጁ እንደ ሰጠው፣ ከእግዚአብሔር ወጥቶ ወደ እግዚአብሔር እንደሚሄድ ሲያውቅ ነው ይላል። ማንነቱን እያወቀ ነው ወገቡን በማበሻ ጨርቅ የታጠቀው። ልጃችሁም እንዲሁ ነው፤ ቦታውን ሲያውቅ ነው ጎንበስ ማለት የማይከብደው።

የሚሠራው እንዲህ ነው፦

ሀ. ማታ ሲተኛ ግንባሩ ላይ አማትቡና «እግዚአብሔር በመልኩ ፈጥሮሃል፤ ዛሬ ብታጠፋም ልጄ ነህ» በሉት። በተለይ ያጠፋ ቀን ይህን አትተዉ።

ለ. መዝሙር 139፥14ን በቃሉ ያጥና፦ «ግሩምና ድንቅ ሆኜ ተፈጥሬአለሁና አመሰግንሃለሁ።»

ሐ. በሚቀጥለው ቀን ያንኑ ቃል ስለ ሌላ ሰው እንዲናገረው አድርጉ። «ሊስትሮው ልጅስ እንዴት ነው የተፈጠረው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ራሱ ይድረስበት።

እርምጃ 3፦ ስታጠፉ ልጁን ይቅርታ ጠይቁት

ወላጆች በጣም የሚከብዳቸው ይሄኛው ነው። «አባት ልጁን ይቅርታ ይጠይቃል እንዴ?» የሚሉኝ አሉ። ይጠይቃል። ልጅ ይቅርታ ማለት ምን እንደሚመስል ካላየ ከየት ያመጣዋል?

አጠያየቁ ሥርዓት አለው። ወደ ልጁ ሂዱ፤ ከሳሎን አትጩኹ። ቁጭ በሉና ዓይናችሁ ከዓይኑ ጋር ይስተካከል። ያጠፋችሁትን በስሙ ጥሩት። «ግን» አትጨምሩ።

ትክክለኛው፦ «ቅድም ብርሃኑን ያጠፋኸው አንተ ሳትሆን ጮኽኩብህ። ሳልጠይቅ ነው የፈረድኩት። ይቅርታ።»

የተበላሸው፦ «ይቅርታ ጮኽኩብህ፤ ግን አንተም ታበሳጫለህ።»

ሁለተኛው ይቅርታ አይደለም፤ ክስ ነው። ልጁም ነገ ለእህቱ ልክ እንደዚሁ አድርጎ ይሰጣታል። ደግሞ ይቅርታ ከጠየቃችሁ በኋላ ብስኩት አትግዙለት። ዕዳ የከፈላችሁ ይመስለዋል።

እርምጃ 4፦ እጅ ማስታጠብ

ትሕትና በወሬ አይገባም። ልጅ እጁ ላይ የሚይዘው ሥራ ይፈልጋል። ለዚህ ደግሞ እጅ ማስታጠብን የሚያህል አላየሁም። ቧንቧ ያለበት ቤትም ቢሆን እንግዳ ሲመጣ ማስታጠቢያውን አውጡ።

1. ውሃውን ለብ አድርጉት። ማንቆርቆሪያውን ከግማሽ በታች ሙሉት። ከሞላ የ5 ዓመት ልጅ ክንድ አይችለውም፤ ይንቀጠቀጥና ያፈሰዋል፤ ከዚያ ያፍራል።
2. ሳፋውን ታላቁ ወይም እናንተ ያዙለት። ከ8 ዓመት በላይ ያለ ልጅ ሁለቱንም ይችላል።
3. ፎጣው ግራ ክንዱ ላይ ይጣል።
4. በዕድሜ ከሁሉ ከሚበልጠው ይጀምር። ማን እንደሆነ እናንተ አትጠቁሙት፤ አይቶ ይለይ። ሰውን ልብ ብሎ ማየት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።
5. ጎንበስ ብሎ ውሃውን በቀጭኑ ያውርድ። እንግዳው ሳሙና ሲይዝ ያቁም፤ ሲጨርስ ይቀጥል። «በቃኝ» እስኪባል አይቸኩል።
6. ፎጣውን በሁለት እጁ ይስጥ።
7. ሽማግሌዎቹ «እደግ ተመንደግ» ሲሉት «አሜን» ብሎ ወደሚቀጥለው ይለፍ።
8. መጨረሻ ላይ ታናሽ ወንድሙን ወይም እህቱን፣ የቤት ሠራተኛ ካለች ደግሞ እሷንም ያስታጥብ።

ስምንተኛውን አትዝለሉት። ለትልቅ ሰው ጎንበስ ማለት ባህላችን ስለሆነ ልጁ ብዙ አይቸገርም። ለታናሹ ሲያስታጥብ ግን ፊቱን እዩት። ያኔ ነው ነገሩ የሚፈትነው። ጌታም ያጠበው ከሱ የሚያንሱትን እግር ነው።

ውሃ እንግዳው ልብስ ላይ ቢፈስ አትደንግጡ፤ አትቆጡም። ፎጣውን ይስጥ፣ «ይቅርታ» ይበል፣ ይቀጥል። በዚያች ደቂቃ ከተቆጣችሁት ሁለተኛ ማስታጠቢያ አይነካም። ቪዲዮም አትቅረጹ፤ ካሜራ ሲመጣ አገልግሎቱ ትያትር ይሆናል።

እርምጃ 5፦ ቤት ለሚያገለግሉ ሰዎች ያለውን አንደበት አርሙ

አንድ ልጅ ትሑት መሆኑን ማወቅ ከፈለግሁ ለኔ ለመምህሩ የሚያሳየውን አላይም። ለኔማ ሁሉም ጨዋ ነው። የማየው የቤት ሠራተኛዋን፣ ዘበኛውን፣ የትምህርት ቤት መኪና ረዳቷን እንዴት እንደሚያናግር ነው። ስለዚህ እዚህ እርምጃ ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ ከሁለት ሳምንትም በላይ ቢፈጅ ይፍጅ።

በየቤቱ የሚታየው ይኸውላችሁ። የ7 ዓመት ልጅ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ታብሌት ያያል። ቀና ሳይል «ውሃ!» ይላል። ወጥ ቤት ሽንኩርት የምትከትፈው ልጅ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ይዛ ትመጣለች። ይቀበላታል። ዓይኑ አሁንም ታብሌቱ ላይ ነው። ወላጁ አጠገቡ ተቀምጧል፤ ምንም አላስተዋለም።

እንዲህ አድርጉ፦

ሀ. እዚያው አትጩኹበት፤ በሷ ፊትም አታዋርዱት። ጠጋ በሉና በዝግታ «ተነሥና ራስህ ቅዳ» በሉት። እጁ ማድረግ የሚችለውን ማንንም እንዳያዝ ሕግ ይሁን። ውሃ መቅዳት፣ ጫማ ማንሣት፣ የበላበትን ሰሃን ወጥ ቤት ማድረስ የሱ ሥራ ነው።

ለ. ሲቸግረው ሄዶ፣ አጠገቧ ደርሶ፣ በስሟ ጠርቶ ይጠይቅ። «እባክሽ» እና «አመሰግናለሁ» የግድ ናቸው። በዕድሜ ከገፉ «አንቺ» አይባልም፤ «እርስዎ» ይበል። ዘበኛውን «ጋሼ» ወይም «አባባ» ብሎ፣ ጠዋት ሲወጣ ቀድሞ ሰላም ይበላቸው።

ሐ. እናንተም «ሠራተኛዋ» እያላችሁ በፊቱ አታውሩ። ስም አላት።

መ. ምግቡን ተመልከቱ። ልጅ ማን ምን እንደሚበላ፣ ማን መቼ እንደሚበላ ያያል። እሷ የተረፈውን ብቻ የምትበላ ከሆነ «ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት እኩል ነው» የሚለው ትምህርታችሁ ልጁ ጆሮ አይገባም።

ሠ. የተሰበረ ብርጭቆ ፈተና። አንድ ቀን ልጁ ብርጭቆ ይሰብርና «እሷ ናት» ይላል። ሰዉ እሱን እንደሚያምን ያውቃልና። ይህ ቀን ሲመጣ ቀለል አድርጋችሁ አትለፉት። እውነቱን ካረጋገጣችሁ በኋላ ልጁ ራሱ ሄዶ «የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ በሐሰት ተናገርኩብሽ፤ ይቅርታ» ይበላት። እናንተም ተቆጥታችኋት ከነበረ አብራችሁ ይቅርታ ጠይቁ።

ለምን? ኢዮብ የአገልጋዮቹን ሙግት ንቆ እንደሆነ ራሱን ሲመረምር፣ እኔን በማኅፀን የፈጠረ እሱንስ የፈጠረ አይደለምን ይላል (ኢዮ. 31፥13-15)። ከ8 ዓመት በላይ ላሉ ይህን ክፍል አብራችሁ አንብቡት። ለትንንሾቹ ሕጉን ማስለመድ ይበቃል።

ሠራተኛ የሌለበት ቤትም ይሠራል። የሱቁ ባለቤት አለ፤ ቆሻሻ የሚሰበስቡት ልጆች አሉ፤ ሊስትሮው አለ።

እርምጃ 6፦ ካርድ የሚመጣበት ቀን

ደረጃ የሚጽፍ ትምህርት ቤት ከሆነ «ስንተኛ ወጣህ?» የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ አይሁን። ዘመድ ሁሉ ይጠይቀዋል፤ እናንተ ሌላ ጠይቁ። «የቱ አስቸገረህ? ማን አስረዳህ? አንተስ ማንን አስረዳህ?» እነዚህ ጥያቄዎች ውጤቱ ውስጥ ሌሎች ሰዎች እንዳሉ ያስታውሱታል። ለትልልቆቹ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውን ጨምሩላቸው፦ «ያልተቀበልኸውስ ምን አለህ?» (1ኛ ቆሮ. 4፥7)።

አንደኛ ቢወጣ ደስታችሁን አትደብቁ። አንዳንድ ወላጅ ይታበይብኛል ብሎ ፊቱን ያጠቁራል። ልጁ ግን ያንን ደስታ ይፈልገዋል፤ ቤት ካላገኘው ጓደኞቹን በማንኳሰስ ያገኘዋል። «ደስ ብሎኛል። ክፍልፋይ አልገባ ሲልህ ደጋግመህ ሠርተህ ነው እዚህ የደረስከው» በሉት። የደከመበትን ነገር ጥሩ፤ «አንተ እኮ ከሁሉም ትበልጣለህ» አትበሉ። ከዚያ አብራችሁ አመስግኑና ለመምህሩ ምስጋና የሚያቀርብበትን ቀን ቀጠሮ ያዙ።

እሱ እየሰማ ለአክስቶች ስልክ መደወሉ ይቅር። መደወላችሁ ካልቀረ በረንዳ ውጡ።

ሰው ሲያመሰግነው የሚመልሰውንም አለማምዱት። «አመሰግናለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን» ካለ በቂ ነው። «ኧረ ምንም አልሠራሁም» እንዲል አታስተምሩት። ሠርቷልና ሐሰት ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ሌላ ምስጋና እንዲጨመርለት እየጠበቀ ትሑት መምሰልን ይለምዳል።

ሃያኛ ቢወጣስ? የጎረቤት ልጅ ስም በዚያ ቀን ከቤታችሁ አይነሣ። በቃ።

እርምጃ 7፦ ታሪኮቹን ተውኗቸው

በሳምንት አንድ ታሪክ፣ በንባብ ሳይሆን በትወና።

የሠርጉ ወንበር (ሉቃ. 14፥7-11)። በርጩማዎቹን ደርድሩ፤ አንዱ ላይ ትራስ አድርጉ። ልጆቹ እንግዶች ናቸው፤ እናንተ ጠሪው። አንዱ የክብሩ ቦታ ላይ ይቀመጥና ተነሥ ይባል። ሌላው ዳር ይቀመጥና «ወዳጄ ወደ ላይ ውጣ» ይባል። ከዚያ ሁለቱም ምን እንደተሰማቸው ጠይቁ። አትስበኩ፤ ጠይቁ ብቻ።

ንዕማን (2ኛ ነገ. 5)። ልጆች ዮርዳኖስ ውስጥ ሰባት ጊዜ ብቅ ጥልቅ ማለቱን ይወዱታል። እናንተ ግን ምክሩ ከማን እንደመጣ አስተውሉ። ስለ ነቢዩ ቀድማ የተናገረችው ተማርካ የመጣች ትንሽ ልጅ ናት። ተቆጥቶ ሊመለስ ሲል ያለዘቡት ባሪያዎቹ ናቸው። «ሠራዊት የሚያዝ ሰው የማንን ምክር ሰምቶ ዳነ?» ብላችሁ ጠይቁ። እርምጃ 5ን በዚህ ታጠናክሩታላችሁ።

ፈሪሳዊውና ቀራጩ (ሉቃ. 18፥9-14)። «አምላክ ሆይ፥ እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ» የሚለውን ጸሎት በቃላቸው ይያዙት። አንድ ነገር ግን ጠብቁ፤ ትወናው እንዳለቀ አንዱ ልጅ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኔ እንደ ፈሪሳዊው አይደለሁም» ማለቱ አይቀርም። ሳቁና ደግማችሁ አስነብቡት። እኔ ክፍል ውስጥ አንድም ልጅ ሳይል ቀርቶ አያውቅም።

እርምጃ 8፦ በስውር መስጠት

ከኪስ ገንዘቡ ወይም ከመክሰሱ የተረፈውን ቆርቆሮው ውስጥ ያጠራቅም። የናንተን ገንዘብ ተቀብሎ ቢሰጥ መልእክተኛ ነው እንጂ ሰጪ አይደለም። ጾም ወቅት ለመጀመር ይመቻል፤ ያልተገዛው ጣፋጭ ገንዘብ እዚያ ይገባል።

ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለነዳያን ሲሰጥ አጠገቡ ቁሙ። ከላይ አይወርውር። ጎንበስ ብሎ፣ ፊታቸውን አይቶ፣ እጃቸው ላይ ያኑር። ሲመርቁት «አሜን» ይበል። ከዚያ በኋላ ስንት እንደሰጠ ለማንም አይናገርም፤ እናንተም አትናገሩለትም። ጌታ ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ያለው (ማቴ. 6፥3) እዚህ ላይ በደንብ ይገባዋል። የሰጠውን ሰው ፎቶ ማንሣት ፈጽሞ ክልክል ይሁን።

እርምጃ 9፦ ጸሎተ ሐሙስ ማታ

በዚህ ቀን ካህናት የምእመናንን እግር ሲያጥቡ ልጃችሁ እንዲያይ ይዛችሁት ሂዱ። ቤት ተመልሳችሁ ጉልባኑ ከተበላ በኋላ ዮሐንስ 13፥1-15ን አንብቡ። ከዚያ ሳፋውን አምጡና አባትየው ወይም እናትየው የልጁን እግር እጠቡ። የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓት ለመተካት አይደለም፤ ያየው እንዲገባው ነው።

ብዙ ልጅ ይስቃል፤ አንዳንዱ እግሩን ይሰበስባል። አታስገድዱት። ጴጥሮስም እምቢ ብሎ ነበር በሉት። ከወላጅ ቀጥሎ ልጁ የወንድሙን ወይም የእህቱን እግር ይጠብ። በዚያ ሳምንት የተጣሉ ካሉ እነሱን አጣምሩ።

እርምጃ 10፦ የማታ ጸሎት

አጭር ይሁን። ከአባታችን ሆይ በኋላ ሁለት ጥያቄ ብቻ፦ «ዛሬ ማን አገዘህ?» እና «ዛሬ ይቅርታ ልትጠይቀው የሚገባ ሰው አለ?» እናንተም መልሱ። እናንተ ሳትመልሱ እሱን ብቻ ከጠየቃችሁ ምርመራ ይሆንበታል።

ማስጠንቀቂያ

ማዋረድ ትሕትናን አያመጣም። እንግዳ ፊት መስደብ፣ አልጋ ላይ መሽናቱን ማውራት፣ «አንተ ብሎ ተማሪ» ማለት ልጁን ትሑት አያደርገውም። ወይ ይሰብረዋል ወይ ያደነድነዋል። መጽሐፍ ልባቸው እንዳይዝል ልጆቻችሁን አታበሳጩአቸው ይላል (ቆላ. 3፥21)። ጥፋቱን ለብቻው ወስዳችሁ ንገሩት።

ትሑት ልጅ «እምቢ» ማለት ይችላል። ይህን በግልጽ ንገሩት። ሰውነቱን ለሚነካው፣ ምስጢር ጠብቅ ለሚለው፣ ለሚደበድበው ልጅ ትሕትና መፍቀድ ማለት አይደለም። ዘመድም ይሁን መምህር፣ አገልጋይም ይሁን ጎረቤት፣ እምቢ ብሎ ወዲያው ለናንተ ይናገር። «ታላቅ ያለህን ሁሉ አድርግ» የሚል ትእዛዝ ቤታችሁ ካለ ዛሬውኑ አንሡት።

«እኔ አልረባም»፣ «ባልወለድ ይሻል ነበር» የሚል ልጅ ካለ ይህን መመሪያ አቁሙ። እርምጃ 2 ላይ ብቻ ቆዩ። ከቀጠለ የልጆች ሥነ ልቦና ባለሙያ አማክሩ፤ ለንስሐ አባታችሁም ንገሩ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስሕተቶች

ሴቷን ብቻ ማሠራት። በየቤቱ የሚያጋጥመኝ ትልቁ ይሄ ነው። እህት ታስታጥባለች፣ ሰሃን ታነሣለች፤ ወንድም «ጎበዝ» ይባላል። ከዚያ ወንድምየው ታበየብኝ ብለው ይመጣሉ። ተራ አውጡላቸው፤ ለወንዱ አትቀንሱለት።

ለአገልግሎት ገንዘብ መክፈል። ሰሃን ያነሣበት ከተከፈለው፣ በሚቀጥለው እንግዳ ሲመጣ ዋጋ ይጠይቃችኋል።

ቃሉን ዱላ ማድረግ። «ትሕትና የለህም!» እያሉ መቆጣት። ልጁ ቃሉን በሰማ ቁጥር ቅጣት ይታየዋል።

አንዱ ወላጅ ሲያርም ሌላው ማፍረስ። መጀመሪያ ሁለታችሁ ተስማሙ። አያትን ግን ተዉአቸው። «የኔ አንበሳ፣ የኔ ንጉሥ» ይበሉት፤ አያት ናቸው። ከአያት ፍቅር የመጣ ትዕቢት እስካሁን አላጋጠመኝም።

ውጭ አገር ልጅ ለምታሳድጉ

አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ዘመዶቼ ደግሞ ሌላ ይጠይቁኛል። ትምህርት ቤቱ «ስለ ጥንካሬህ ተናገር፣ እጅህን አውጣ፣ የመምህሩን ዓይን እያየህ መልስ» ይለዋል። ቤት ደግሞ «ስለ ራስህ አታውራ፣ ትልቅ ሰው ላይ አታፍጥጥ» ይባላል። ልጁ መሐል ላይ ይቆማል።

ልጁን አታምታቱት። ክፍል ውስጥ ዓይን አይቶ መመለስ እዚያ አገር አክብሮት ነው፤ ያድርገው። ስለ ሠራው ሥራ እውነቱን መናገርም ትዕቢት አይደለም። ሁለት ነገር ብቻ ጠብቁ፦ ያልሠራውን እንዳይጨምር፣ የረዳውን ሰው ስም እንዳይተው። ክፍል ፊት ቆሞ የሚያቀርበው ካለው ቤት አለማምዱት። «ይህን ክፍል እኔ ሠራሁ፤ ይህን ደግሞ ጓደኛዬ አሳየኝ» ብሎ ስም ጠርቶ እንዲጨርስ አድርጉ። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ማስታጠቢያውን ይያዝ፤ ምን እያደረገ እንደሆነ አብረውት ለመጡት የክፍል ጓደኞቹ ራሱ ያስረዳቸው። ከፈለጉ እነሱም ተራ ይድረሳቸው።